የግፊት፣ የኦክስጅን ወይስ የትኩሳት መለኪያ፦ የትኛውን ልግዛ? የትኛውን ልመን?

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ከዋሽንግተን ደወለችልኝ። ለፋሲካ ልትመጣ ነው። "ሲስተር፣ ለእማዬ የግፊት መለኪያ ይዤ ልምጣ ብዬ ነበር። ወንድሜ ከዱባይ የላከላት እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን እያለ አስጨነቃት። የትኛውን ልግዛ?" አለችኝ። አስከትላም የጣት ኦክስጅን መለኪያና ግንባር ላይ የሚደገን ቴርሞሜትር ልትገዛ እንዳሰበች ነገረችኝ።

ነርስ ስለሆንኩ ይሄ ጥያቄ ቶሎ ቶሎ ይመጣልኛል። ውጭ የሚኖር ልጅ ለወላጁ ይዞ ከሚመጣቸው ነገሮች አንዱ መለኪያ ሆኗል። ደግ ነገር ነው። ግን የተሳሳተ ቁጥር የሚሰጥ ዕቃ ሰው ያስጨንቃል። በሱ ምክንያት መድኃኒት የጨመሩም፣ ያቋረጡም አይቻለሁ። ስለዚህ ለእሷ የመለስኩትን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

መለኪያ ከማወዳደሬ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ይሄ ዕቃ በቀጥታ የሚለካው ምንድን ነው? አስልቶ የሚነግረኝስ የቱን ነው? የግፊት ማሽኑ የሚያውቀው የካፉን፣ ማለትም ክንድ ላይ ተጠቅልሎ የሚነፋውን ጨርቅ፣ አየር ነው። የኦክስጅን መለኪያው የሚያየው ብርሃን ነው። ግንባር ላይ የሚደገነው ቴርሞሜትር የሚቀበለው ከቆዳ የሚወጣ ሙቀት ነው። እኛ ስክሪኑ ላይ የምናነበው ቁጥር ከዚያ ተነስቶ የተሰላ ነው። ስሌቱ በበዛ ቁጥር ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳም ይበዛል።

ሌላው ልዩነት ደግሞ አለ። አንዳንድ መለኪያ ዛሬም ነገም እኩል ቁጥር ይሰጣል፤ ግን ሁልጊዜ 10 ነጥብ ያስበልጣል። ሌላው በአማካይ ትክክል ነው፤ ግን በለካችሁ ቁጥር ይዘላል። የመጀመሪያው የበለጠ ያሳስበኛል። ቁጥሩ ስለማይለዋወጥ ማንም አይጠረጥረውም።

ግፊት፦ በማዳመጫ፣ በክንድ ማሽን ወይስ በእጅ አንጓ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

አሮጌው ዘዴ ካፍና ማዳመጫ ነው። የሚነፋውን ካፍ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ እ.ኤ.አ. በ1896 አስተዋወቀው። ሩሲያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኮሮትኮቭ ደግሞ በ1905 ድምፁን ማዳመጥን ጨመረበት። ካፉ ሲነፋ በክንድ ውስጥ ያለው የደም ፍሰት ይቆማል። አየሩ ቀስ ብሎ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚሰማው ምት የላይኛው ቁጥር ነው። ድምፁ የሚጠፋበት ደግሞ የታችኛው ነው። እዚህ የሚለካው ሰው ነው፤ የሚሳሳተውም ሰው ነው። አየሩን ቶሎ ከለቀቀ፣ ክፍሉ ከጮኸ፣ ጆሮው ከደከመ ቁጥሩም አብሮ ይበላሻል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በ0 ሲያልቅ ካያችሁ፣ ለኪው እያጠጋጋ ነው ማለት ነው። እኔም በተጨናነቀ ፈረቃ አድርጌዋለሁ፤ ትክክል አልነበረም።

ሜርኩሪ ያለው መለኪያ ለዓመታት ሳይዛባ የሚቆይ ነበር። ግን ሜርኩሪ መርዝ ነው። ሜርኩሪን ለመቆጣጠር አገሮች የተስማሙበት የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸውን የግፊትና የትኩሳት መለኪያዎች ማምረት፣ ማስገባትና መላክ እስከ 2020 እንዲቆም ቀን ቆርጧል። አዲስ አትግዙ። በቦታው የመጣው መርፌ ያለው ክብ መለኪያ ነው። ቀላል ነው፣ ባትሪም አይፈልግም። ችግሩ ውስጡ ባለው ስስ ብረት ላይ ነው። አንዴ ከጠረጴዛ ከወደቀ ሊዛባ ይችላል፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም አልሆነም።

በአንድ ወቅት የሠራሁበት ክፍል ውስጥ መርፌው አየር ሳይኖረው 10 ላይ የሚያርፍ መለኪያ ነበር። ሁላችንም አይተነዋል። "ትንሽ ነው" እየተባባልን ስንት ሰው ለካንበት። የአንድን አባት መድኃኒት ልንጨምር ስንል አንዲት ተለማማጅ "ይሄ እኮ ዜሮ ላይ አይደለም" አለች። በሌላ መለኪያ ስንለካቸው መድኃኒቱ በቂያቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመለካቴ በፊት መርፌውን አያለሁ። ዜሮ ላይ መሆኑ ብቻም አይበቃም። ሆስፒታል ውስጥ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ትክክለኛነቱ ከታወቀ መለኪያ ጋር መፈተሽ አለበት። ለቤት የማዳመጫውን ዘዴ አልመክርም፤ ጆሮና ልምድ ይጠይቃል።

ለቤት የምመርጠው በክንድ ላይ የሚታሰረውን ዲጂታል ማሽን ነው። እሱ ድምፅ አይሰማም። ካፉ ውስጥ ያለው አየር ከደሙ ምት ጋር ሲርገበገብ ያንን ይለካል። መርገብገቡ የሚበረታበት ቦታ አማካይ ግፊቱን ይነግረዋል። የላይኛውንና የታችኛውን ከዚያ ተነስቶ በአምራቹ ቀመር ያሰላቸዋል። ሁለት ብራንድ በአንድ ክንድ ላይ ትንሽ ቢለያዩ አይግረማችሁ፤ ቀመራቸው ይለያያል።

ስለዚህ ዋናው ነገር ቀመሩ በሰው ላይ ተፈትሿል ወይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት የማሽኑ አማካይ ስሕተት ከ5 ነጥብ (ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ) እንዳይበልጥ፣ መዘበራረቁም ከ8 እንዳያልፍ ይጠይቃል። ፈተናውን ያለፉት ሞዴሎች ስትራይድ ቢፒ እና ቫሊዴት ቢፒ በሚባሉ ድረ ገጾች ላይ በስም ተዘርዝረዋል። ከመግዛታችሁ በፊት የሞዴሉን ቁጥር እዚያ ፈልጉ። ብሉቱዝ፣ ትልቅ ስክሪን፣ የሚያወራ ድምፅ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የእጅ አንጓው ቀላል ነው፣ ልብስ አያስወልቅም። ግን አንጓው ከልብ በታች ሲሆን የደሙ ክብደት ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ 8 ነጥብ ገደማ ነው። ይሄንን ለማየት የጎረቤቴ ቤት ሄድኩ። እናቲቱ ሶፋው ላይ ናቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ሲለኩ 166/98 አለ። "አየሽ!" አሉኝ ደንግጠው። "እማማ፣ አሁን ዝም ብለው ትንሽ ይረፉ" አልኳቸውና ክንዳቸውን አጥፌ አንጓቸውን በትራስ ደግፌ ደረታቸው ላይ፣ ልባቸው ጋ አደረግኩት። 150/84 ሆነ። ልባቸውና ጭናቸው መካከል ያለው ርቀት ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ያስጨነቃቸው 16 ነጥብ በብዛት ከዚያ የመጣ ነው።

የእጅ አንጓውን የምመክረው ክንዱ በጣም ወፍራም ሆኖ ካፍ ለማይገኝለት ሰው ነው። ያኔም አንጓው ከልብ እኩል ሲሆን ብቻ።

ስለ ካፍ መጠን ሻጮች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ። ውስጡ የሚነፋው ክፍል ርዝመቱ የክንዱን ዙሪያ ቢያንስ 80 በመቶ መክበብ አለበት፤ ወርዱም 40 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። ካፉ ከጠበበ ቁጥሩ ይጨምራል። ከሰፋ ይቀንሳል። መደበኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ22 እስከ 32 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን ክንድ ነው። ከዚያ ለሚበልጥ ከ32 እስከ 42 የሚለውን ወይም ከ22 እስከ 42 የሚያዳርሰውን ፈልጉ። የልብስ ሰፊ ሜትር ካለ ችግር የለም፤ በትከሻና በክርን መካከል ያለውን ለኩ።

ማሽኑ ጥሩ ቢሆንም አለካኩ ያበላሸዋል። ከመለካት 30 ደቂቃ በፊት ቡና አይጠጣም፣ ሲጋራ አይጨስም። ሽንት ቤት ተሂዶ፣ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይነባበር መሬት ነክቶ፣ ለ5 ደቂቃ ይታረፋል። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ልብ እኩል ይደገፋል። ካፉ በሹራብ ላይ አይታሰርም። ሲለካ አይወራም። ሁለቴ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ተለክቶ አማካዩ ይያዛል። ቤት ውስጥ 135/85፣ ክሊኒክ ውስጥ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። ሁለቱ የተለያዩት ብዙ ሰው ነጭ ጋውን ሲያይ ግፊቱ ስለሚጨምር ነው።

ሁለት ሰዎች ግን ይለያሉ። የልብ ምቱ ወጣ ገባ የሆነ ሰው ላይ ዲጂታሉ ሊሳሳት ይችላል፤ ሦስቴ ለክቶ አማካዩን መያዝ ወይም በማዳመጫ መለካት ይሻላል። ሁለተኛዋ ነፍሰ ጡር ናት። በተለይ በእርግዝና የሚመጣ የግፊት በሽታ ካለ ብዙ ማሽኖች ግፊቱን አሳንሰው ያነባሉ። ይሄ ሕይወት የሚያስከፍል ስሕተት ነው። ለእርግዝና የተፈተሸ ሞዴል ብቻ ይገዛ። ክሬድል የሚባለው መሣሪያ ለዚህ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ከቁጥሩ ጎን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት አለው። አዲስ አበባም ከተሞከረባቸው ከተሞች አንዷ ነበረች።

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ ሌላ ምርጫ አለ። ከልብ ደም በሚወስደው ቧንቧ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ አንጓ ላይ፣ ቀጭን ቱቦ ገብቶ ግፊቱ በየምቱ ይታያል። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ሊያመጣ ስለሚችል ለሁሉም አይደረግም። ግፊቱ በየደቂቃው ለሚለዋወጥና ግፊት የሚያስነሳ መድኃኒት እየተንጠባጠበለት ላለ ሕመምተኛ ግን በየ15 ደቂቃው የሚነፋ ካፍ ይዘገያል። ይሄም ቢሆን ሴንሰሩ ከልብ እኩል ካልተሰቀለና ዜሮው ካልተስተካከለ ይዋሻል። አልጋው ከፍ ሲል ሴንሰሩን አብሮ ማንሳት የተረኛዋ ነርስ ሥራ ነው። አስታማሚዎች አልጋውን በራሳችሁ አታንሱ የምንለው ለዚህም ነው።

ኦክስጅን፦ የጣቱ መለኪያ መቼ ይበቃል?

የጣቱን መለኪያ ሐሳብ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያመነጨው ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩኦ አኦያጊ ነው። በጣት ውስጥ ሁለት ብርሃን ያልፋል፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች እኩል አይውጡም። መሣሪያው ከምቱ ጋር የሚለዋወጠውን ብቻ ለይቶ በመቶኛ ያሰላል። ስለዚህ ምት ከሌለ ቁጥርም የለም። ወይም ደግሞ ምት ሳይኖር የሚመጣ ቁጥር ውሸት ነው።

አንድ ሌሊት ሞኒተሩ 78 ብሎ ጮኸ። ሕመምተኛው ግን ተኝተው በደህና ይተነፍሳሉ። ከቁጥሩ በፊት ስክሪኑ ላይ ምቱን የሚስለውን ማዕበል አየሁ፤ ተቆራርጧል። ጣታቸውን ስይዝ በረዶ ነው። ጋቢ አልብሼ፣ ጣቱን አሙቄ፣ ወደ ሌላው እጅ ቀየርኩት። ማዕበሉ ተስተካከለ፤ 94 ሆነ። ስትገዙም ከቁጥሩ ጋር ማዕበል ወይም ከፍ ዝቅ የሚል የምት አሞሌ የሚያሳየውን ምረጡ። ቁጥር ብቻ የሚያሳየው መቼ እንደሚታመን አይነግራችሁም።

ጥፍር ላይ ቀለም፣ ሂና ወይም እንሶስላ ካለ ያልተቀባ ጣት ፈልጉ። እጅ አይንቀሳቀስ። ቁጥሩ እስኪረጋ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ።

ስለ ቆዳ ቀለም ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ያለባቸውን ልኬቶች ከደም ምርመራ ጋር አወዳደረ። ከጥቁር ታካሚዎች ልኬት 11.7 በመቶው በደም ምርመራ ከ88 በታች ሆኖ ተገኘ። በነጮቹ 3.6 በመቶ ነበር። ይሄ መሣሪያውን ጣሉት ማለት አይደለም። "92 ነው፣ ደህና ነህ" ተብሎ ትንፋሹ እያጠረ ያለ ሰው ወደ ቤት አይመለስ ማለት ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ፣ ይሄንን ለሐኪማችሁ ማንሳት መብታችሁ ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ከሰል ነው። የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደሙ ጋር ሲጣበቅ የጣቱ መለኪያ ኦክስጅን እንደያዘ ደም አድርጎ ያነበዋል። ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ያደሩ ሰዎች ራስ ምታትና ትውከት ይዟቸው ጣታቸው 98 ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩን አትዩ። ወደ ንጹሕ አየር አውጧቸው፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው፣ ከሰል እንደነበረም ተናገሩ። እዚህ ላይ የሚታመነው በልዩ መሣሪያ የሚታይ የደም ምርመራ ብቻ ነው።

ከፍታስ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች 93 ወይም 94 ማየት ብቻውን አያስደነግጥም። ግን ለዝቅተኛ ቁጥር ሁሉ "ከፍታው ነው" ማለትም ልክ አይደለም። ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ሲለኩ አማካያቸው 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ጤነኛ በሆናችሁ ቀን የራሳችሁን ቁጥር ለክታችሁ ያዙ። ከዚያ ሦስት አራት ነጥብ ከወረደና ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ከ90 በታች ከሆነ ጤና ተቋም ሂዱ።

ትኩሳት

እዚህ ረጅም ወሬ አያስፈልግም። ለቤት በብብት ሥር የሚገባው ዲጂታል ይበቃል። ከውስጥ ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ያነባል። ክንዱን አጥብቆ እስኪጮኽ መጠበቅ ነው። ግንባር ላይ የሚደገነው ፈጣን ነው፤ በር ላይ ብዙ ሰው ለማሳለፍ ይጠቅማል። ነገር ግን ፀሐይ የመታውን፣ ያላበውን፣ ነጠላ የተከናነበውን ግንባር በትክክል አያነብም። ከፍ ያለ ካሳየ በብብት ደግማችሁ አረጋግጡ። የታመመ ሰው ላይ ዝቅ ብሎ ሲያሳይም አትመኑት። የጆሮው ጥሩ ነው፤ ለጨቅላ ሕፃን ግን ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ አይሆንም። ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን 38 ከደረሰ መለኪያ ማወዳደር ትታችሁ ሐኪም ጋ ሩጡ። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በፋራናይት ስለሚያነብ ወደ ሴልሺየስ ቀይሩት። 100.4 ማለት 38 ነው።

ትንፋሽ፦ ሰዓትና ዓይን

ሁሉም የሚዘነጋው ይሄ ነው። ካርድ ላይ ለሁሉም ሕመምተኛ "20" ተብሎ ተጽፎ ሳይ ያመኛል። አልተቆጠረም ማለት ነው። ሕመም ሲብስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ትንፋሽ ነው።

ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። ለ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አንዲት ስሕተትን አራት ያደርጋታል። ሰውየው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ስለሚቀይር የልብ ምት የምትቆጥሩ መስላችሁ አንጓውን እንደያዛችሁ ደረቱን እዩ። ሕፃን ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ይቆጠራል። ከሁለት ወር በታች 60፣ እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሳል ካለበት ሳምባ ምች ሊሆን ይችላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በገጠር ቤቶች በደቂቃ መቁጠሪያ የሚሠሩት ይሄንኑ ነው።

የሆስፒታሉ ሞኒተር ትንፋሽን ከደረት ተለጣፊዎቹ ያነባል። የሚለካው የደረትን እንቅስቃሴ እንጂ አየሩን አይደለም። ጉሮሮው የተዘጋ ሰው ደረቱ እየታገለ ሞኒተሩ 18 ሊል ይችላል። አየሩ መውጣቱን የሚያሳየው የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው ነው። በማደንዘዣ ጊዜ እሱን እመርጣለሁ። እሱ በሌለበት ሕመምተኛው አጠገብ ተቀምጦ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ስማርት ሰዓትስ?

ተራው ሰዓት የልብ ምትን የሚያነበው በብርሃን ነው፤ ተቀምጠው ጥሩ ይሠራል። ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀዳ) ያለው ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ልብን ያያል። የሆስፒታሉ 12 አቅጣጫ ያያል። ሰዓቱ ወጣ ገባ ምትን ሊይዝ ይችላል፤ በዚህ በኩል ጠቃሚ ነው። ደረቱን የጨነቀው ሰው ግን "ሰዓቴ ደህና ነህ ብሎኛል" ብሎ ቤቱ መቀመጥ የለበትም። ሰዓት ብቻውን የልብ ሕመም የለም ለማለት አይበቃም።

ለጎረቤቴ ልጅ መልሼ ደወልኩላት። ቴርሞሜትሩን ተይው፣ የብብት እዚሁ ይገዛል አልኳት። የኦክስጅን መለኪያውን እናቷ የሳምባ ችግር ስለሌለባቸው ለጊዜው አያስፈልጋቸውም። ገንዘቡን በሙሉ በክንድ ማሽኑ ላይ አድርጊው አልኳት። የመረጠችውን ፎቶ ላከችልኝ። ሞዴሉ ዝርዝሩ ላይ አለ፤ ጥሩ ነው። ግን ካፉ ከ22 እስከ 32 ይላል፤ የሚሠራውም በአሜሪካ 120 ቮልት መሰኪያ ብቻ ነው። እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የእናቷን ክንድ በሜትር ስለካ 34 ሆነ። "ትልቁን ካፍ፣ በባትሪ የሚሠራውን" ብዬ ጻፍኩላት።

እስኪመጣ ድረስ እማማ የአንጓውን ይጠቀማሉ፤ ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ጠዋትና ማታ፣ ቡናው ሳይፈላ። ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና የለኩበትን እጅ የሚጽፉበት ደብተር አመጣሁላቸው። የመጀመሪያው መስመር ላይ በእጃቸው ጻፉት፦ 148/84፣ ግራ፣ ጠዋት 1 ሰዓት።